ስለማይታይ ቍስል

በዚህ የቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ክቡራን አንባቢዎች በደስታ እንደ ተቀበሉት እናውቃለን። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ከእነዚህ ሁሉ ጥቂት ይለያል፤ ይኸውም ለአገሩ ሲያገለግል ወገቡን የተጐዳ ወታደር ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ለቤተሰቡ ስለሚተርፈው ሥራ ነው። ሥራ ማለታችን ማስታመሙን ብቻ አይደለም። ጕዳቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ በሐኪሞች ተመዝኖ በወረቀት ሲሰፍር፣ የሰፈረውም ቍጥር ከእውነቱ ያነሰ የሆነ እንደ ሆነ፣ እንዲታረም ይግባኝ ማለትን ጭምር ነው። እኛ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ነንና የምንናገረው በገዛ ቤታችን ያየነውን ነው።

እጁን ወይም እግሩን በአገልግሎት ላይ ያጣ ሰው ቍስሉ ራሱ ይመሰክርለታል። ሰው ሲያየው ከወንበሩ ይነሣለታል፤ በገበያ መንገድ ይለቅለታል፤ በመሥሪያ ቤትም ደጅ ቢጠና ዘበኛው እንኳ ያዝንለታል። ወገቡ የተጐዳ ሰው ግን ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ነው። ፊቱ አይገረጣም፤ ፋሻ አልታሰረለትም፤ እንዲያውም ከመተኛቱ ብዛት ሥጋው ሞልቶ ይታያል። ስለዚህም የሚያውቁት ሰዎች «ምን ጐደለውና ነው የሚተክዘው?» ይላሉ። እርሱ ግን በዚያች ሰዓት ከወገቡ እስከ እግሩ ጣት የሚወርደውን ሕመም ጥርሱን ነክሶ ይዞታል።

ታናሽ ወንድማችን በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ሰባት ዓመት አገለገለ። በ2012 ዓ.ም. በሌሊት ጭነት ይዞ ሲጓዝ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ጥቂት ሳምንታት ተኝቶ ተነሣና ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገር ግን ውሎ ሲያድር ሕመሙ ከወገቡ ተነሥቶ በቀኝ መቀመጫው፣ በጭኑ ጀርባና በባቱ ውጫዊ ጐን እያለ እስከ አውራ ጣቱ ድረስ እንደ እሳት ይፈጀው ጀመር። ጣቱ ደነዘዘ፤ ሲራመድም የእግሩ ፊት መሬት እየጠረገ ጫማው ከፊት በኩል አለቀ። በ2013 ዓ.ም. የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀረበ፤ ለሾፌርነት እንደማይበቃ ተነግሮትም ተሰናበተ። የጕዳቱ መጠን ተብሎ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር ስምንት ከመቶ ነበር።

እናታችን ፊደል አልቈጠሩም። ወረቀቱ በተነበበላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያውስ የቀረው ዘጠና ሁለት እጅ ደኅና ከሆነ፣ ልጄ ጫማውን ጐንበስ ብሎ ማሰር ለምን አቃተው?» አሉ። እኛ ከዚያ ወዲህ ብዙ የሕግና የሕክምና ጽሑፍ አንብበናል፤ ነገሩን ከዚህ ጥያቄ አብልጦ የገለጸልን ግን አላገኘንም።

ስምንት የሚለው ቍጥር ለምን እንዲህ እንዳሳዘነን ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቍጥር 714 ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1267 ተተካበት። አዋጁ የሲቪሉን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የመከላከያ ሠራዊትንና የፖሊስን አባላት ያቅፋል። በእርሱ መሠረት በሥራ ላይ የደረሰው ጕዳት ከመቶ ዐሥር እጅ ያላነሰ ሲሆንና ተጐጂውም ደመወዝ የሚያስገኝ ማናቸውንም ሥራ ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሲሆን፣ የደመወዙ 47 ከመቶ በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይከፈለዋል። ጕዳቱ ዐሥር ከመቶ ሞልቶ ሥራ ለመሥራት የሚችል ከሆነ ግን የሚያገኘው ወርኃዊ አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጕዳት ዳረጎት ነው። ከዐሥር በታች የሆነ ሰው ከሁለቱ አንዱንም አያገኝም። እንግዲህ በስምንትና በዐሥር መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ሲታይ ሁለት ነው፤ በቤት ሲታይ ግን የአንድ ጐጆ መቆምና መፍረስ ነው። ወንድማችን አገልግሎቱ ዐሥር ዓመት ስላልሞላ ሌላ ወርኃዊ ጡረታ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባትም ነው።

ሒሳቡን ደግሞ እንይ። ዳረጎቱ የሚሰላው የደመወዙ 47 ከመቶ በ60 ተባዝቶ፣ የተገኘው እንደ ገና በጕዳቱ መቶኛ ሲባዛ ነው። ደመወዙ 4,000 ብር የነበረ ወታደር 47 ከመቶው 1,880 ብር ይሆናል፤ በ60 ሲባዛ 112,800 ብር ይደርሳል። ጕዳቱ 30 ከመቶ ቢሆን 33,840 ብር ይቀበላል ማለት ነው። ይህም ገንዘብ ልኩ የዐሥራ ስምንት ወር አበል ነው። ሠርቶ አይበላም የተባለው ጓደኛው ግን በዐሥራ ዘጠነኛው ወርም፣ በሁለት መቶኛው ወርም 1,880 ብሩን እየተቀበለ ይኖራል። ስለዚህ ሐኪሞች የሚጽፉት ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው መቶኛው፣ ሁለተኛው «ሥራ ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚለው ቃል። ብዙ ሰው ስለ መቶኛው ይጨነቃል፤ በእኛ አስተያየት ግን የበለጠ ሊጤን የሚገባው ሁለተኛው ነው። ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው ከመጦር አይደለምን? መጦር ደግሞ አንድ ቀን ጐርሶ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

ከዚህ ላይ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንናገር። በወገብ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። ይህ ትራስ በከባድ ግጭት ወይም በሸክም ተቀዶ ወደ ኋላ ሲወጣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል። በዚህም ምክንያት ቍስሉ ያለው በወገብ ሲሆን የሚጮኸው እግር ነው። ይህን አሁን የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ዊር ሚቸል የሚባል ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በፊላደልፊያ ከተማ የነርቭ ቍስለኞችን ሰብስቦ ያክም ነበር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1864 ባሳተሙት መጽሐፍም ጥይቱ ከወጣና ቍስሉ ከደረቀ በኋላ የሚቀረውን የሚያቃጥል ሕመም ገልጸው ጻፉ። የዲስክ መውጣት ነርቭን ተጭኖ የእግርን ሕመም እንደሚያመጣ በግልጽ አስረድተው የጻፉት ግን ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1934 ነው። በሁለቱ ዘመናት መካከል፣ ታላቁን የዓለም ጦርነት ጨምሮ፣ ወገቡን ይዞ ከሐኪም ፊት የቀረበ ወታደር ሕመሙን በምን ሊያስረዳ እንደሚችል ማሰብ ያሳዝናል።

ሌላው ችግር ሥዕሉ ነው። ተራው ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክንና ነርቭን አያሳይም። ወንድማችን በመጀመሪያ የተነሣው ራጅ «አጥንቱ ደኅና ነው» አለ፤ እውነቱንም ነው፣ አጥንቱ ደኅና ነበረ። የተመዘነውም ወገቡን ምን ያህል እንደሚያጐነብስ ታይቶ ነው፤ ስለ እግሩ መደንዘዝና ስለ ጣቱ መስነፍ በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም።

ለቦርዱም ወገን ሆነን እንድንናገር ፍትሕ ያስገድደናል። ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ዲስኩን አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር ተሰብስበው ሲታዩ፣ በሃያ ዓመት ዕድሜ ካሉት ሠላሳ ከመቶ፣ በሰማንያ ዓመት ካሉት ደግሞ ሰማንያ አራት ከመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው ጐብጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ሐኪም ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ተጐድቷል» ቢል ትክክል አይፈርድም። መታመን ያለበት ሦስት ምስክሮች ሲስማሙ ነው፤ ሥዕሉ፣ የሐኪሙ እጅ ምርመራና የሕመሙ ታሪክ። ሥዕሉ በስተቀኝ በኩል የተጫነ ነርቭ ካሳየ፣ በሽተኛውም ተኝቶ ቀኝ እግሩ ቀጥ ተደርጎ ሲነሣ ሕመሙ እስከ እግሩ ከወረደ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተውና በተረከዙ መሄድ ከተሳነው፣ ይህም ሁሉ ከአደጋው ወዲህ የጀመረ መሆኑ በካርድ ከታወቀ፣ ከዚያ በኋላ መጠራጠር አይገባም።

እንግዲህ ይግባኝ ማለት ከዳኛ ፊት ቆሞ ማልቀስ ሳይሆን እነዚህን ሦስት ምስክሮች ሰብስቦ ማቅረብ ነው። በቤታችን ይህ ሥራ የተከፈለው እንዲህ ነበር። እኛ የአደጋውን ሪፖርትና በመጀመሪያው ቀን የታከመበትን የክሊኒክ ካርድ ፍለጋ ደብዳቤ እየጻፍን ደጅ ጠናን። ካርዱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሕመሙ ከአደጋው ጋር አንድ ወር መሆኑን የሚያሳይ እርሱ ብቻ ነበርና። አራት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ የተገኘው በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ገብቶ ነው፤ ያገኘውም መዝገብ ቤት ያለ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር፤ ከምሳ ሰዓቱ ቈርሶ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ፈለገልን።

የወንድማችን ባለቤት የሠራችው ግን ከእኛ ሥራ ይበልጣል። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝታ በየቀኑ ትጽፍ ነበር። የጻፈችው እንዲህ ያለ ነው፦ ማክሰኞ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ቆሞ አደረ። ሐሙስ ከለገሃሬ እስከ ከዚራ ሲሄድ አራት ጊዜ አረፈ። ቅዳሜ ትንሿን ልጅ ከመሬት ማንሣት አቃተው፤ እርሷም «አባዬ ተቈጥቶኛል» ብላ አለቀሰች። ደብተሩ «ባሌ በጣም ታምሟል» የሚል አንድም ቃል የለበትም፤ የሚናገረው ምን ያህል ደቂቃ እንደ ተቀመጠ፣ ምን ያህል እርምጃ እንደ ሄደ፣ ምን ማንሣት እንዳልቻለ ነው። ሁለተኛው ቦርድ ፊት ሲቀርብ ከሐኪሞቹ አንደኛው ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ አነበበው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የሚያነቡ እመቤቶች አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ወገቡን የታመመ ሰው ድንገት ሽንቱን መቈጣጠር ያቃተው እንደ ሆነ ወይም በሁለቱ ጭኖቹ መካከል ያለው ገላ የደነዘዘ እንደ ሆነ፣ ይህ ለይግባኝም ለነገም የሚቀጠር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ወንዶች በሐፍረት ይደብቁታልና ጠይቆ መረዳት የቤተሰብ ፈንታ ነው።

ለኤም አር አይና ለነርቭ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው፣ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ለማይችል ሰው ግን ራሱን የቻለ ቅጣት ነው። የተጓዝነው በአዲሱ ባቡር ነበር፤ በባቡር ውስጥ ተነሥቶ መቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላልና። ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ገደማ የባቡር ሐዲድ ሲደርስላት የተወለደች ከተማ ናት፤ ወንድማችንም በመተላለፊያው ላይ ቆሞ መስኮቱን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ አያቶቻችን ባቡሩን የሠሩት ለእኔ ወገብ ነው» ብሎ አሳቀን። በምርመራው ዲስኩ በቀኝ በኩል ወጥቶ ነርቩን መጫኑ ታየ፤ የነርቭ ምርመራውም ወደ አውራ ጣት የሚወርደው ነርቭ መጐዳቱን አረጋገጠ።

በሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደሚመዝኑት ለማወቅ ጥቂት አነበብን። በአሜሪካ ለወታደሮቻቸው በሚሠሩበት የምዘና ሠንጠረዥ የወገብ ማጐንበስና የእግር ነርቭ ለየብቻቸው ይመዘናሉ። ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ማጐንበስ የማይችል ሰው በወገቡ ብቻ አርባ ከመቶ ይሰጠዋል፤ ወደ እግር የሚወርደው ዋናው ነርቭ ደግሞ በተናጠል ከዐሥር እስከ ሰማንያ ከመቶ ሊመዘን ይችላል። ከዚህም በላይ ለተጐጂው የቀረበው ማስረጃና በእርሱ ላይ የቀረበው እኩል የሆነ እንደ ሆነ፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲፈረድ ሕጋቸው ያዛል። የእነርሱ ሕግ ለእኛ ሕግ አይደለም፤ የአገራቸውም ሀብት ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ወገብንና ነርቭን ለየብቻ መመዘን ገንዘብ የሚጠይቅ ጥበብ አይደለም፤ አንድ መርፌ፣ አንድ የጕልበት መዶሻና ትዕግሥት ያለው ሐኪም ይበቁታል።

አዋጁ በውሳኔው ቅር ለተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ እንዲያመለክት፣ በጉባኤውም ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወደ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። እኛ ያመለከትነው በአንድ ገጽ ነው። ነገር ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ዐሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ አምጥቶልን ነበር፤ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ወቀሳ ሆነብንና ተውነው። በገጻችን የጻፍነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ምዘና እግሩ አልተመረመረም። አሁን የተደረገው ምርመራ የነርቩን ጕዳት ያሳያል። ካርዱም ሕመሙ ከአደጋው ወዲህ መሆኑን ይመሰክራል። ስለዚህ እንደ ገና ይመዘን።

እንደ ገናም ተመዘነ። ሁለተኛው ቦርድ ጫማውንና ካልሲውን አስወልቆ፣ በተረከዙና በእግሩ ጣት አስኪዶ፣ በመርፌ እየነካካ መረመረው። የጕዳቱ መጠን ሠላሳ ከመቶ ተባለ። «ተቀምጦና ተነሥቶ ሊሠራ የሚችል ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል» የሚል ቃልም ተጨመረበት፤ ስለዚህ የተፈቀደለት ወርኃዊው አበል ሳይሆን ዳረጎቱ ነው። እናታችን ስምንቱ ሠላሳ መሆኑን በሰሙ ጊዜ እልል አሉ፤ ወንድማችን ግን ዝም አለ። ቆይቶ ምን እያሰበ እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ገንዘቡንስ እሰየው። እኔን ያሳረፈኝ ግን እግሬን መንካታቸው ነው» አለን።

በዳረጎቱና እኛ በጨመርንለት ጥቂት ገንዘብ ሳቢያን አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ባንኮኒውን አናጢው ከተለመደው ከፍ አድርጎ ሠራለት፤ ቆሞም ሆነ በረጅም ወንበር ተደግፎ እንዲሸጥ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ አልሆነለትም። ቀላል ሥራ ይችላል የተባለው ቃል አምስቱን ሰዓት ያውቃል፤ የቀሩትን ሦስቱን የምትሠራው ባለቤቱ ናት። እኛ ይህ ቃል አንድ ቀን እንደ ገና እንዲታይ ማመልከታችንን አልተውንም፤ እግሩ ከዓምናው ዘንድሮ ደክሟልና አዲስ የነርቭ ምርመራ አድርጎ ወረቀቱን አያይዘናል።

ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ዕቃ ለመግዛት አይደለም፤ የወገብ ወረቀታቸውን እንዲያነብላቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ በቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ባጠቃ ጊዜ ከተማችንን ከተከላከሉት፣ በ1970 ዓ.ም. የካቲት ወርም ካራማራ ላይ ከተዋጉት ወገን ናቸው። ከወገባቸው ጐንበስ ብለው በከዘራ ይሄዳሉ፤ ልጆች በዕድሜ የጐበጡ ይመስሏቸዋል። ወንድማችን ወንበሩን አስጠግቶ፣ «አባባ፣ ሕመሙ እስከ የት ይወርዳል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ በከዘራቸው ጫፍ ግራ ባታቸውን፣ ቀጥሎም ተረከዛቸውን ነኩ። «ከዚያን ጊዜ ወዲህ እስከ የት እንደሚወርድ የጠየቀኝ አንተ ነህ» አሉት።

የያዙት በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የመሰናበቻ ወረቀት ብቻ ነው። የሕክምና ካርዳቸው በየትኛው መዝገብ ቤት እንዳለ ለማወቅ ባለፈው ወር ሦስት ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል። ከአንደኛው መልስ መጥቷል፤ ካርዱ እነርሱ ዘንድ የለም። የሁለቱን መልስ እየጠበቅን ነው።